ስድስቱ ሽፍን መዝገቦች

የመጀመሪያው ምት የቡጢን ጆሮ ገነጠለው። ሁለተኛው ዓይኑ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ያየ የለም፤ በመተላለፊያው የነበረ ተማሪ ሁሉ እየጮኸ ወደ ደረጃው ይሸሽ ነበርና። ድምፁን ግን ያልሰማ አልነበረም። ብረት አጥንት ሲያገኝ ደረቅና አጭር ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ አንዴ የሰማ ሰው ሌላ ነገር ነው ብሎ ራሱን ማታለል አይችልም።

መቺው ሰንበሌጥ የሚባለው ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወደ ላይ ተመዞ ወደ ጎን ማደግ ስለረሳ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው። በእጁ የያዘው ከተሰበረ ወንበር የተነቀለ የብረት እግር ነበር። ተመቺው ቡጢ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ በትከሻ የሚስተካከለው የሌለ፣ ስሙን በሥራው ያገኘ ጎረምሳ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። ሰንበሌጥ ከኋላው መጣበት፤ ሳቁንም አላስጨረሰው።

ለጉብኝት የመጣችው ፕሮፌሰር ከልጆቹ ብትርቅ አምስት እርምጃ ነው። ከኋላዋ አራት እንግዶች ተከትለዋታል። እሷ የፈጠረችው አሠራር በየትምህርት ቤቱ ይግባ አይግባ፣ እሷም ያንን የሚመራው አዲስ ተቋም ኃላፊ ትሁን አትሁን ብለው የሚወስኑ ባለ ከረባቶች ናቸው። «እዚህ ትምህርት ቤት በሦስት ዓመት ውስጥ በአባቱ ኑሮ ምክንያት የተባረረ ተማሪ የለም» ብላ አፏን ሳትዘጋ ነው ጉዱ የፈላው። እንግዶቹ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እሷ ግን የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት መሆኗንም፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ማድረጓንም ረስታ ሮጠችና ልጁን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችው። አራተኛው ምት የእሷን ክንድ አገኘው። ክንዷ ሲሰነጠቅ ተሰማት፤ አለቀቀችውም።

ሰንበሌጥ በእቅፏ ውስጥ ይንዘፈዘፋል።

«ልቀቁኝ!» ይላል። «ካልሞተ ነገም ይመጣል! ልቀቁኝ፣ ካልሞተ ነገም ይመጣል!»

እሷ የሰማችው ጩኸቱን ነው። ቃሉን ለመስማት ሌላ አንድ ቀን ፈጀባት። መሬት ላይ የቡጢ ደም በሲሚንቶው ስንጥቅ እየተከተለ ጫማዋ ሥር ደረሰ፤ ከእንግዶቹ አንዱ ጥግ ይዞ ያስመልሳል።

ይህችን ሴት እስከ ፕሮፌሰርነት ያደረሳት አንድ የተሰበረ መስኮት ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ታላቅ ወንድሟና የአንድ ሐኪም ልጅ ኳስ ሲጫወቱ የቤተ ሙከራው መስኮት ተሰበረ። ኳሷን የመታት የሐኪሙ ልጅ ነበር፤ ወንድሟ በረኛ ነበር። የሐኪሙ ልጅ ምክር ተሰጠው። ወንድሟን የአባቱን ሥራ ጠየቁት፤ ቆሻሻ ጫኝ ነው ሲል በሰልፍ ፊት አንበርክከው በጎማ ገረፉት። ሠላሳ ጊዜ። ግርፋቱን ተማሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ እንዲቆጥር ታዝዞ ነበርና እሷም ቆጥራለች። ሸሚዙን ከጀርባው ላይ ለማላቀቅ እናታቸው ለብ ባለ ውሃ አንድ ሰዓት ፈጅታለች። በማግሥቱ ተባረረ፤ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

እሷ ግን ረገጠች፤ እንዲያውም ከዚያ ደጃፍ አልወጣችም። ሌክቸረር ሆነች፣ ረዳት ፕሮፌሰር ሆነች፣ ተባባሪ ሆነች፣ በመጨረሻ ሙሉ ፕሮፌሰር። ትምህርቷ የትምህርት ቤት ምክር አገልግሎትና አመራር ነው፤ ጥያቄዋ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያው አንድ ነው፦ እኩል ላጠፋ ለምን እኩል አይፈረድም? ሁለት ሺህ የቅጣት መዝገብ አገላብጣ የድሃ ልጅ በዚያው ጥፋት ከሀብታም ልጅ ሦስት እጥፍ እንደሚባረር አሳየች። ባልደረቦቿ «ይህን ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል ወይ?» ብለው አፌዙባት። እሷም አፍንጫችሁን ላሱ ብላ ሽፍን መዝገብን ፈጠረች።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ ሲያጠፋ የትምህርት ቤቱ አማካሪ መዝገብ ይከፍታል፤ የአጥፊውንም የተበዳዩንም ስም፣ ሰፈርና የወላጅ ሥራ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍንና አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚያነበው ድርጊቱን ብቻ ነው፤ እሱም ስሜት በማይቀሰቅስ ቃል ተጽፎ። ለቀላል ጥፋት ወላጅ አይጠራም፤ ድሮ ነገር የሚበላሸው ወላጅ ሲመጣ ነበርና። አንዱ በመኪና መጥቶ ርዕሰ መምህሩን ከወንበሩ ያስነሳል፤ አንዷ በነጠላ ጫማ መጥታ በር ላይ ቆማ ትውላለች። የስሞቹ ዝርዝር በብረት ሣጥን ይቆለፋል፤ ቁልፉ የአማካሪው አንገት ላይ ነው። በስብሰባ ላይ ስም የጠራ ሰው ከኮሚቴው ይወጣል። ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል የጻፈችው እሷ ናት። ሠርቷልም። በአርባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚባረረው ልጅ በግማሽ ቀነሰ፤ ድሮ ቢሆን ጎዳና ላይ ይቀሩ የነበሩ ልጆች ፈተና ተቀምጠው አለፉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገሩን መራራ ያደረገውም ሐሰት አለመሆኑ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ክንዷ በጀሶ ታስሮ የአማካሪው ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። አማካሪው የራሷ ተማሪ ነበር፤ ለፈተና ሲቀርብ እንኳ እንደዚህ አላበውም።

«ፕሮፌሰር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፤ ከዚያ ከፈለጉ ያባሩኝ» አለና ስድስት መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ጥቁሩ ፕላስተር ከስድስቱም ላይ ተልጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስድስቱንም ያጠፋው ቡጢ ነው። ስድስቱም ሰንበሌጥ ላይ ነው።»

መዝገቦቹን አንድ በአንድ አገላበጠች።

«ቁጥሩ የተለያየ ስለሆነ ኮሚቴው ስድስት የተለያዩ ልጆች መስለውታል» አለ አማካሪው። «ስድስት ጊዜ ‹የመጀመሪያ ጥፋት፣ ምክር ይበቃል› ተባለ። የሰንበሌጥ እናት ሁለቴ መጣች። ‹ጉዳዩ ታይቷል› ብለን መለስናት።»

«አንተስ?» ቆሽቷ አርሮ ብድግ አለች። «ፕላስተሩን የምትለጥፈው አንተ አይደለህም? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አታውቅም? አንተ ታውቅ አልነበር?»

«ከሦስተኛው በኋላ ጽፌልዎት ነበር» አለና ከመሳቢያው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት።

ደብዳቤው የሱ ነው። በዳርቻው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው መልስ ግን የእሷ እጅ ነበር፦ «እንዲህ ያለው ‹ይሄ ልጅ እኮ አመሉ ነው› የሚል ሐሜት ነው ድሃን ሲያስባርር የኖረው። ፕላስተሩን እመነው።» በሁለት ስብሰባዎች መሀል ቆማ እንደጻፈችው ትዝ አላት። ስትጽፈው ደስ ብሏትም ነበር። ከስድስቱ መዝገቦች በሦስቱ ላይ ኮሚቴው ሲወስን ራሷ በታዛቢነት ተቀምጣ እንደነበርም አሁን ቀኑን አይታ አወቀች፤ ለአንዱ አራት ደቂቃ እንኳ አልሰጡትም። ካልሞተ ነገም ይመጣል ያለው ልጅ እውነቱን ነበር።

ከውጪ የዘበኛው ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው የሚሰበር ነገር ድምፅ መጣ። የቢሮው በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ገባ። ሦስት ወንዶች ናቸው። ፊት ለፊት ያለው የቡጢ አባት ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በሩን የሚሞላ ሰው፣ በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። ሁለቱ ወንድሞቹ ናቸው። በቀደመው ቀን ፖሊስ የሰንበሌጥን ቃል ከተቀበለ በኋላ፣ ልጁ ለአካለ መጠን አልደረሰምና፣ የትምህርት ቤቱ ውሳኔ እስኪመጣ ለእናቱ አስረክቦት ነበር። አባትየው የሚያውቀው ቅጽል ስሙን ብቻ ነው። ሰፈሩና ቤቱ ያለው ሣጥኑ ውስጥ ነው።

«ስሙን!» አለ። «የማን ልጅ ነው? ቤቱ የት ነው?»

አማካሪው ሄዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠበት። ደፋር ሰው አልነበረም፤ ምን እንደነካው እሱም አያውቅም። ከወንድማማቾቹ አንዱ ጉልበቱን በጫማው ጫፍ ሁለት ጊዜ ረገጠው፤ በሁለተኛው ርግጫ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። አማካሪው እንደ ሕፃን ጮኸ፤ ከሣጥኑ ላይ ግን አልወረደም። ፕሮፌሰሯ በመካከል ገባች። አባትየው ብረቱን ጣለው፤ ሴት በብረት አልመታም ያለ ይመስላል። በቡጢው መታት። የላይኛው ከንፈሯ ተተረተረ፣ ሁለት ጥርሶቿ ምላሷ ላይ ተቀመጡ። ጸጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግድግዳው ላይ አጋጫት።

«ስሙን ብቻ ንገሪኝ!»

«አልነግርዎትም።»

ደግሞ መታት። ዓይኗ ሲደፈን ታወቃት፣ የጀሶው ክንዷ ከሥሯ ተቀብሮ ይጮህባታል። የሚገርመው ሰውዬው እየመታት ያለቅስ ነበር።

«ልጄ እኮ ዝንብ አይነካም!» ይላል። «ሁልጊዜ ተደብድቦ ነው የሚመጣው! ሸሚዙ ተቀዶ፣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተልጦ ደም እየተፋ! ማነው ልጄን እንዲህ የሚያደርገው? ስንት ጊዜ ጠየቅሁት፤ እሺ ብሎ አይናገርም!»

ፕሮፌሰሯ ወለሉ ላይ ሆና ይህን ሰማች። የጣቶቹ መገጣጠሚያ። የተደበደበ ሰው የሚላጠው ፊቱ ነው፤ መገጣጠሚያው የሚላጠው የደብዳቢ ነው። ሰውዬው አያውቅም። ልጁ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማንም ጠርቶ አልነገረውም፤ ማንም እንዳይነግረው ያደረገችው ደግሞ ከእግሩ ሥር የወደቀችው ሴት ናት። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ደም አፈናት። ያን ጊዜ ፖሊሶች ደርሰው ሦስቱንም እየጎተቱ አወጧቸው።

ከሆስፒታል የወሰዳት ታላቅ ወንድሟ ነው። በያጅ ነው፤ ከብየዳ ቤቱ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። ሳሎን አስቀምጧት ፊቷን ጎንበስ ቀና እያለ መረመረ።

«አይ እቴ! ብረት ቢሆን በይጄ እመልሰው ነበር» አለ። «ሰው ለሹመት ልብስ ያሰፋል፤ አንቺ ጥርስ አስነቀልሽ።»

ልትስቅ ብላ ከንፈሯ ስለተሰነጠቀ አለቀሰች። ስልኳ ጮኸ። የኮሌጁ ዲን ነው፤ እጇ ስላልቻለ ወንድሟ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

«በጀግንነትሽ እንግዶቹ እጃቸውን በአፋቸው ጭነዋል» አለ ዲኑ። «ሹመቱ ያለቀ ነው። የነገው ስብሰባ በደንቡ ይሂድ። አንድ መዝገብ፣ አንድ ድርጊት። ልጁ ከኋላ ነው የመታው፣ ዓይን ጠፍቷል። ይባረራል፤ ውሳኔው ለፍርድ ቤት ይሄዳል።»

ስለ ስድስቱ መዝገቦች ነገረችው።

«ስሚኝ» አለ ዲኑ ቀስ ብሎ። «ነገ ሣጥኑን ከከፈትሽ ሽፍን መዝገብ ሞተ። ውድቀቱን ሲጠብቁ የነበሩት ሁሉ ይነሱብሻል። አርባ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉት ልጆች ወደ ድሮው ይመለሳሉ። ለአንድ ልጅ ብለሽ?»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናገረውም ውሸት አልነበረም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወንድሟ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ወንድምጋሼ» አለችው፣ «ያኔ ስምህንና የአባባን ሥራ ሸፍነውት ቢሆን ኖሮ አትገረፍም ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ለዚያ ነው።»

«ታውቂያለሽ» አለ ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥላሸት እያየ፣ «እኔ ያን ቀን በረኛ ነበርኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ‹ና ልጄ፣ ምን ሆናችሁ ነው?› ቢለኝ እነግረው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። የአባባን ሥራ ጠየቁና በቃቸው።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ደግሞ መጠየቁንም አስቀረሽው።»

ቃሉ ከዱላው ሁሉ በለጠባት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስላት ነበር። ብዙ ካለቀሰች በኋላ አንድ ነገር አስቸገረችው፦ የቡጢን አባት በዋስ እንዲያስፈታላት።

«የደበደበሽን ሰውዬ?»

«እሱን።»

«ጭንቅላትሽንም መቶሻል ማለት ነው» አለ ወንድሟ። ተነሥቶ ግን ሄደ፤ እሷም ለፖሊስ አልከስም ብላ ፈረመች።

ስብሰባው ጠዋት በሦስት ሰዓት ተጀመረ። ርዕሰ መምህሩ ሰብሳቢ ነው፤ አራት መምህራን በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ባለ ከረባቶቹ ከኋላ ወንበር ይዘዋል። ከፊታቸው አንድ መዝገብ አለ፦ «አንድ ተማሪ ሌላውን ተማሪ ከኋላ በብረት መትቶ ዓይኑን አጥፍቷል።» አንብበው ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው።

ፕሮፌሰሯ ያበጠ ፊቷን ይዛ ገባች። ብቻዋን አልነበረችም። ሰንበሌጥና ልብስ ሰፊዋ እናቱ ተከተሏት። ከነሱ ኋላ የቡጢ አባት፣ ከእሱም አጠገብ ዋሱ በያጁ ገቡ።

«ፕሮፌሰር፣ ወላጅ እዚህ አይገባም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለችና ስድስቱን መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። የቡጢን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጠራች። ቀጥላም የሰንበሌጥን ሙሉ ስም ጠራች። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል የሰው ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

«መዝገብ አንድ» አለች። «‹በመጸዳጃ ቤት መጠነኛ መገፋፋት።›» ወደ ልጁ ዞረች። «ምን ሆነህ ነበር ልጄ?»

ሰንበሌጥ እናቱን አየ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ጭንቅላቴን መቀመጫው ውስጥ ነክሮ ውሃ ለቀቀብኝ» አለ። «ሦስቴ።»

«መዝገብ ሁለት። ‹በበር አካባቢ ጥንቃቄ የጎደለው ጨዋታ።›»

ልጁ ግራ እጁን አነሣ። ሁለቱ ጣቶቹ ጥፍር የላቸውም። በሩን ይዞ የዘጋበት ቡጢ ነበር፤ እንደገና ከፍቶ እንደገና ዘግቶበታል።

በሦስተኛው የሸሚዙን ኮሌታ ዝቅ አደረገ፤ አንገቱ ላይ በሲጋራ የተተኮሰ አራት ክብ ጠባሳ አለ። መዝገቡ «ያልተፈቀደ ሲጋራ ይዞ መገኘት» ይላል። በአራተኛው የጎን አጥንቱ የተሰበረበትን ቦታ አሳየ፤ አጥንቱ ጠምሞ ነው የገጠመው። በአምስተኛው አፉን ከፈተ፤ ድንጋይ አስነክሶት አገጩን ከሥር በጉልበቱ መትቶት ነበር። እናቱ ከአምስቱ ያየችው ሁለቱን ብቻ ነው። ሌላውን ወድቄ ነው እያለ ደብቋት ኖሯል። በአምስተኛው ላይ ድምፅ ሳታሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«መዝገብ ስድስት። ‹በመስኮት አጠገብ ያልተገባ ቀልድ።›»

«ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል በእግሬ አንጠለጠለኝ» አለ ሰንበሌጥ። «ከዚያ አወጣኝና ‹ሐሙስ እለቅሃለሁ› አለኝ።» ትንሽ ቆየና ጨመረበት። «ሐሙስ ጠዋት ቀድሜው መጣሁ።»

የቡጢ አባት ተነሣ። ሁሉም ሊመታ ነው ብለው ሸሸት አሉ። በያጁ ትከሻውን ያዘው። ሰውዬው ግን ወደ አራተኛው መዝገብ ነው ያመለከተው።

«ይሄኛው ማክሰኞ ነው?» አለ።

«ማክሰኞ ነው» አለች ፕሮፌሰሯ።

«ያን ቀን ከመንገድ ገብቼ ነበር። እጁ ተልጦ አየሁትና መቱኝ አለኝ። እኔም ‹ከእንግዲህ ከነኩህ ሳትሰብራቸው ቤቴ እንዳትገባ› አልኩት። ቀበቶዬን አውልቄ ነው ያልኩት።» መዝገቦቹን በትልቁ እጁ ነካቸው። «ከዚህ በኋላ ሁለት አለ። ለምን አልጠራችሁኝም? ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ስልክ ብትደውሉልኝ ምን ነበረበት?»

«እንዳይጠሩዎት ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለፍትሕ ብዬ ነው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ለራሷም ተሰማት። ሰውዬው አልሰደባትም። የተደፈነውን ዓይኗን ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ ጭንቅላቱን ወዘወዘ።

ኮሚቴው አራት ለአንድ ወሰነ፤ ሰንበሌጥ አልተባረረም፤ ስድስቱ መዝገቦች ከነስማቸው ለፍርድ ቤት ይላኩ ተባለ። ባለ ከረባቶቹ ሳይሰናበቱ ወጡ። ከሰዓት ዲኑ ደውሎ ሹመቱ እንደቀረ፣ ሽፍን መዝገብም በአርባው ትምህርት ቤት እንደታገደ ነገራት። ወንድሟ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ አንቺ እንኳ ሳትሾሚ ተሻርሽ» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። በወሩ ውስጥ ከአርባው በአንዱ፣ የአንድ ተሸካሚ ልጅ የመምህር መነጽር ሰበረ ተብሎ ተባረረ። ዲኑ የፈራው ደርሷል፤ እሱም የእሷ ዕዳ ነው፣ ለማንም ልታወርሰው አትችልም።

በስብሰባው ቀን ሲወጡ የቡጢ አባት ደረጃው ላይ ጠብቋት ነበር።

«ሐኪሞቹ ይነቃል ብለዋል» አለ። «ዓይኑ እንደጠፋ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። እኔ አልችልም። እርስዎ ይንገሩት።»

«እሺ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በያንዳንዱ ጠዋት ቡጢ በተኛበት ክፍል ተቀመጠች። አባትየው አንድም ቀን አልገባም፤ ከበሩ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ይውላል፣ እዚያው ያድራል። መኪናውን ለሌላ ሾፌር አስረክቧል።

ቡጢ በአራተኛው ቀን ነቃ። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ያ ትልቅ ትከሻ አልጋው ላይ ሲታይ የልጅ ነው። እጁን ወደ ፋሻው ሲሰድ ያዘችውና ማን እንደሆነች፣ ምን እንደደረሰበት፣ የትኛው ዓይን እንደጠፋ ሳትደብቅ ነገረችው። ስለ ዓይኑ አንድም ቃል አልጠየቀም። በቀረችው ዓይን በሩን ነው የሚያየው።

«አባቴ አወቀ?» አለ።

«ምኑን?»

«ያንን ልጅ... የማደርገውን።»

«አወቀ።»

ሊነሣ ሞከረ። ፍርሃቱ ከአልጋው ሊጥለው ደረሰ፤ በጤነኛው ክንዷ ደረቱን ደግፋ መለሰችው።

«የት ነው ያለው? ይገድለኛል!»

«በሩ ላይ ነው። ካወቀ ጀምሮ እዚያው ነው ያደረው። ሲያለቅስ ነው የከረመው፤ ማንንም አልገደለም።»

ቡጢ ይህን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ከውጪ አባቱ ሲያስል ተሰማ፤ ልጁ ሳሉን አወቀው። መላ አካሉ እየተናጠ አለቀሰ።

«ታዲያ» አላት፣ «ቀደም ብላችሁ አትነግሩትም ነበር?»

ፕሮፌሰሯ ተነሥታ በሩን ለአባቱ ከፈተችው።